ሕጉ የሚያውቀው ችግርና የማያውቀው ችግር፦ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ በቀውስ ዘመን

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቅ ከፍቶ፣ መጋዘን ይዞ ወይም ማሽን ተክሎ የኖረ ሰው ቀውስ የሚባለውን ነገር በየዓይነቱ አይቶታል። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጦርነቱ እከተሞቹ ድረስ ዘለቀ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልሉ ሌላ ግጭትና ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከተለ፤ ዓመት ሳይሞላም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዕቃ ዋጋ በአንድ ጊዜ ተገለባበጠ። ለነጋዴው ይህ ሁሉ ያልተቋረጠ አንድ የመከራ ዘመን ነው፤ ለሕጉ ግን አንድ አይደለም። ሕጉ ገሚሱን ችግር ያውቀዋል፣ ገሚሱን አያውቀውም፤ ኪሳራው በማን ጫንቃ ላይ እንደሚቀር የሚወሰነውም በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ነው።

ልዩነቱ በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣውና እስከ ዛሬ በሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። አንቀጽ 1793 ባለዕዳው ውሉን እንዳይፈጽም የሚያደርጉትን፣ ከአቅም በላይ የሆኑ ኃይሎች ሲዘረዝር የእርስ በርስም ሆነ የውጭ ጦርነትን፣ እንደ ምድር መንቀጥቀጥና ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ አደጋን እንዲሁም የመንግሥት ክልከላን ይጠቅሳል። እዚህ ድረስ ማንም የሚስማማበት ነው። የሚከተለው አንቀጽ 1794 ግን ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር ከአቅም በላይ የማይባሉትን ሲቆጥር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድን፣ የባለዕዳውን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትንም ይጨምራል። አንቀጽ 1764 ደግሞ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ቢለወጥና ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ሦስቱ አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሰጡት ትርጉም ይህ ነው፦ መድፍ ያቆመው ነጋዴ መከላከያ አለው፤ የምንዛሪ ለውጥ፣ አዲስ ግብር ወይም የብድር ገደብ ያቆመው ነጋዴ የለውም።

የዚህን ክብደት ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለአንድ ድርጅት ኮምፒውተርና የቢሮ ማሽን ለማቅረብ በቁርጥ ዋጋ ተዋዋለ እንበል። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ሲሆን 40 ሺህ ዶላር ያወጣል፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ፣ ማለትም በ57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ሲሰላ፣ 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ነጋዴው ቀረጥ፣ ማጓጓዣና ትርፍ ጨምሮ ዋጋውን አቀረበ፣ የውል ማስከበሪያ ዋስትናውን አስያዘ፣ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ባንክ ወረፋ ያዘ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን አስታወቀ። ወር ሳይሞላ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በ105 ብር ሒሳብ ያው 40 ሺህ ዶላር 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ሆነ። ነጋዴው ውሉን ቢፈጽም ከሁለት ሚሊዮን ብር የተጠጋ ጭማሪ ከኪሱ ይሸፍናል፤ ባይፈጽም ዋስትናው ይወረስበታል። ፍርድ ቤት ቢሄድ ደግሞ ዳኛው ምንም ያህል ቢያዝኑለት እጃቸው በአንቀጽ 1764 የታሰረ ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ውል በዋጋ ንቅንቅ በተባለ ቁጥር የሚፈርስ ቢሆን ኖሮ ማንም ከማንም ጋር አይዋዋልም ነበር። የሚያነጋግረው ሌላው ነገር ነው። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል በሚናገርበት ክፍል፣ ያልታሰበ ሁኔታ የውሉን ሚዛን ሲያናጋ መንግሥት የኪሳራውን ድርሻ የሚጋራበትን መንገድ ከፍቷል፤ መንግሥት ራሱ በወሰደው አጠቃላይ እርምጃ ምክንያት ውሉ ሲከብድ ምን እንደሚደረግም ለብቻው ደንግጓል። ስለዚህ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የአስተዳደር ውል ያለው ሥራ ተቋራጭ የሚከራከርበት አንቀጽ አለው። የግል ድርጅት ያዋዋለው ጎረቤቱ የለውም። ለመንግሥት ዕቃ የሚያቀርበው ደግሞ መሐል ላይ ቆሞ ውሉ በርግጥ የአስተዳደር ውል መሆን አለመሆኑን መሟገት ይጠበቅበታል። አንቀጹ ያለውም ቢሆን እምብዛም አይጠቀምበትም፤ መሥሪያ ቤትን የከሰሰ አቅራቢ ለሚቀጥለው ጨረታ ምን ፊት እንደሚጠብቀው ያውቃልና።

ሕጉ የሚያውቀው ችግር የደረሰበትስ ተጠቅሞ ይሆን? እዚህ ላይ ወደ 2014 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ሁለቱ ከተሞች በትግራይ ኃይሎች እጅ የገቡት ጥቅምት 20 ቀን አካባቢ ሲሆን የፌዴራል መንግሥት መልሶ መያዛቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት ፋብሪካና መጋዘን፣ ሆስፒታልና ባንክ ተዘርፏል፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እንኳ መጋዘኖቹ በመዘረፋቸው በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ ዕደላውን ለማቆም ተገድዶ ነበር። አሁን ቀኑን ልብ እንበል። የሒሳብ ዓመታቸውን በሰኔ 30 የሚዘጉ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ድርጅቶችና ከፍ ያለ ሽያጭ ያላቸው ነጋዴዎች፣ የዓመቱን ግብር አስታውቀው የሚከፍሉበት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። ከተማው የተያዘው ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው ነበር ማለት ነው። የግብር አስተዳደር ሕጉ በበቂ ምክንያት የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም በጽሑፍ ማመልከት እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ጥሩ ድንጋጌ ነው፣ ነገር ግን ማመልከቻውን የሚቀበለው ቢሮ ራሱ በሩን ዘግቶ ሠራተኞቹ በሸሹበት ወቅት የሚሠራ አይደለም።

ከቀኑ የባሰው የማስረጃው ጉዳይ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አንድ ነጋዴ የደረሰበትን ኪሳራ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ወደ ፊት አሸጋግሮ ከሚመጣው ትርፍ ላይ ማካካስ ይችላል። በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ይህ በጦርነት ለተዘረፈ ሰው ከማንኛውም ዕርዳታ የሚበልጥ ነው፤ መንግሥት በየዓመቱ ከግብሩ እየቀነሰ እንዲያገግም ጊዜ ይሰጠዋልና። ነገር ግን መብቱ የሚሠራው የሒሳብ መዝገብ ለያዘና መዝገቡ በግብር ሰብሳቢው ተቀባይነት ላገኘ ብቻ ነው። ደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ውስጥ ያለ ሱቅ ሲዘረፍ የሚወሰደው ጨርቁና ዘይቱ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑና ደረሰኝ የታጨቀበት ካርቶንም አብሮ ይሄዳል ወይም መንገድ ላይ ይበተናል። መዝገብ የሌለው ግብር ከፋይ ደግሞ ገቢው በግምት ይወሰንበታል። በዚህ መንገድ ኪሳራውን ያደረሰው ኃይል የኪሳራውን ማስረጃም ስለሚያጠፋ፣ ሕጉ የሰጠው መብት ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከእጅ ይወጣል። ግብር ሰብሳቢው ቀደም ብሎ የተሰጡትን የተጨማሪ እሴት ታክስ መግለጫዎችና የጉምሩክ ሰነዶች በራሱ ቋት ስለሚይዝ ቢያንስ ከፊሉን ማስረጃ ከራሱ ዘንድ ማውጣት ይቻል ነበር፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን በተዘረፈው ላይ ነው።

ኢንሹራንስም ብዙ አልረዳም። የተለመደው የእሳትና የስርቆት ፖሊሲ ጦርነትን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል፤ ለፖለቲካ ብጥብጥና ለሽብር የሚሸጠው ተጨማሪ ሽፋን ለብቻው አረቦን የሚከፈልበት ነው፤ እንደየውሉም ጦርነትን ላያካትት ይችላል።

ወደ ሠራተኛው ጉዳይ ስንመጣ፣ መንግሥት በቀውስ ጊዜ የሚያወጣቸው ሕጎች ሸክምን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር እንደሚወዱ ይታያል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ማስፈጸሚያ ደንቡ አሠሪዎች መንግሥት ካወጣው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳይቀንሱ፣ አከራዮችም ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከልክለው ነበር። ሠራተኛው ደመወዙን፣ ተከራዩም ጣሪያውን እንዳያጣ መፈለጉ ተገቢ ነው። ገበያ የሌለው አሠሪ ደመወዙን ከየት ያመጣል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው ዋናው መልስ ከግብር በኩል ነበር፦ ሥራ ፈትተው እያለ ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች ከሠራተኞቻቸው ደመወዝ የሚቀነሰው የአራት ወር የሥራ ግብር ተነሣላቸው፤ እስከ 2007 ዓ.ም. ያለው ውዝፍ የግብር ዕዳም ተሠረዘ። የዕዳ ስረዛው አንድ ነገር አለው፦ የጠቀመው ሳይከፍል የቆየውን ነው። በወቅቱ ለከፈለው ነጋዴ ምንም አልጨመረለትም፤ ይህን ደግሞ ነጋዴ አይረሳም።

በመደበኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ግን የተሻለ የተመዛዘነ መሣሪያ አለ። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም አሠሪው ባላጠፋው ድንገተኛ የገንዘብ ችግር ሥራ ከአሥር ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲቋረጥ፣ የሥራ ውሉ ሳይፈርስ መብትና ግዴታው እስከ 90 ቀን ድረስ ታግዶ ሊቆይ ይችላል። ለጦርነት ሳምንታት ይህ በልክ የተሰፋ ይመስላል። ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ችግር ግን 90 ቀን አይበቃም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ልብስና ቦርሳ የመሳሰለውን እያመረተ ወደ ውጭ እንዲልክ የታሰበ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉ፣ ከአጎአ፣ ያስወጣት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከተማዋ ከጦርነቱ በወጣች በወሩ ገደማ መሆኑ ነው። ማሽኑን ጠግኖ፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ ለመነሣት የተዘጋጀ ፋብሪካ ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ውሳኔ የውጭ ገዢ ይስብበት የነበረውን ዋጋ አጣ። የገበያ መጥፋት ዘላቂ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ነገር አዋጁ የሚያውቀው መንገድ ሠራተኛ መቀነስና የስንብት ክፍያ መክፈል ነው፤ ክፍያው ደግሞ የሚጠየቀው አሠሪው ጥሬ ገንዘብ በሌለው ሰዓት ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመጣው ውሳኔ ጥይትም ዘረፋም የሌለበት ነው። በነሐሴ ወር ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። የዋጋ ንረቱ በጊዜው ከ25 በመቶ በላይ ስለነበር፣ ብድር በ14 በመቶ አደገ ማለት የብድሩ የመግዛት አቅም ቀነሰ ማለት ነው። ትናንት አንድ መኪና ስኳር ያስጭን የነበረ ብድር ዛሬ መኪናውን አይሞላም። ገደቡ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው። ባንክ ግን የተገደበ ገንዘብ ሲኖረው አስቀድሞ የሚሰጠው ለነባርና ለትልቅ ደንበኛው፣ መያዣውም አዲስ አበባ ውስጥ ለሆነ ሰው ነው። ዕቃው የተዘረፈበት፣ የመክፈያ ጊዜው አልፎ ብድሩ የተበላሸ ተብሎ የተመደበበት፣ መያዣውም ግጭት ባልራቀው ከተማ ያለ ቤት የሆነ የደሴ ነጋዴ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይገኛል። የብድር አከፋፈሉ በ90 ቀን ከተጓተተ ወደ ተበላሸ ብድር መግባቱ፣ ባንኩም በመያዣ ሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ መቻሉ፣ ነጋዴው ለሌላው ሁሉ ዕዳ ጆሮውን ደፍኖ ቅድሚያ ለባንክ እንዲከፍል ያስገድደዋል።

ለፍትሕ ያህል መባል ያለበት ግን አለ፦ የዋጋ ንረቱ በ2017 ዓ.ም. ወደ 13 እና 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል፤ የብድር ገደቡም በኋላ ከፍ ተደርጓል። ፖሊሲው ለአገር ያሰበውን ከሞላ ጎደል አግኝቷል። ፖሊሲው ካስከፈለው ዋጋ ውስጥ ለጦርነት ቀጣና ከተሞች የደረሰው ድርሻ የበዛ አልነበረም የሚል ካለ ግን ደሴን አላያትም።

በዚያው ሰሞን የወጡት ትእዛዞች እርስ በርሳቸው ሲጋጩም ታይተዋል። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግዢ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ኢንተርኔት በማይፈልግ የስልክ አጭር ቁጥር መክፈል ይቻል ነበር ቢባልም፣ በስልኩ መተግበሪያ የለመደ ነጋዴ ትእዛዝ የሚቀበልበትም ዋጋ የሚጠይቅበትም መንገድ አብሮ ተዘግቷል። የሰዓት እላፊውና የመንገድ መዘጋቱ ሲታከልበት፣ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚነሣ ጭነት ሐረጎ የተባለውን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ እንኳ የሚገመት አልነበረም።

የምንዛሪው ለውጥ በታወጀ ማግስት ደግሞ በአገሪቱ ከተሞች ያለ በቂ ምክንያት ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ሱቆች መታሸግ ጀመሩ። የመንግሥት ክርክር መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ብዙው የውጭ ዕቃ ቀድሞም ቢሆን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ተሰልቶ ይሸጥ ስለነበር፣ በአንድ ሌሊት የተጨመረው ሁሉ በወጪ የሚደገፍ አይደለም። ሆኖም በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ስንት እንደተገዛ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ነጋዴ ዋጋ የሚያወጣው የሚቀጥለውን ጭነት ለመተካት ስንት እንደሚያስፈልገው አስቦ ነው፤ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ዋጋ ሲገዛ ካፒታሉ በግማሽ ይቀንሳል። ግብሩም ይህንኑ ስሕተት ይደግመዋል፤ በአሮጌ ዋጋ ተገዝቶ በአዲስ ዋጋ የተሸጠው ዕቃ በሒሳብ መዝገብ ላይ ትልቅ ትርፍ ሆኖ ይወጣል፣ ነጋዴውም ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ ለመግዛት በማይበቃ ገንዘብ ላይ ግብር ይከፍላል። በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጣል ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፍቶ፣ ጣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ በአብዛኛው መነሣቱን የሚያስታውሱ የደሴ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው።

የቅርቡ ሕግ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነው። ከያዛቸው ለውጦች ውስጥ ለደሴ ጅምላ ነጋዴ የሚከብደው አነስተኛው የግብር መጠን ነው፦ የሚከፈለው ግብር ከዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው 2.5 በመቶ በታች ከሆነ፣ 2.5 በመቶው ይከፈላል። ግብር በትርፍ ላይ በ30 በመቶ ለሚከፍል ኩባንያ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የትርፍ ህዳጉ፣ ማለትም ትርፉ ከሽያጩ ያለው ድርሻ፣ ከ8.3 በመቶ ገደማ በታች የሆነ ሁሉ ከመደበኛው ግብር በላይ ይከፍላል። በዓመት 20 ሚሊዮን ብር ሸጦ 200 ሺህ ብር ያተረፈ ድርጅት መደበኛ ግብሩ 60 ሺህ ብር ነበር፤ አሁን 500 ሺህ ይሆናል። ትርፉን ሁሉ ሰጥቶ 300 ሺህ ከካፒታሉ ይጨምራል። የአዋጁ ዓላማ በየዓመቱ ኪሳራ እያስመዘገበ የሚያመልጠውን መያዝ መሆኑ አያጠራጥርም፤ እንዲህ ያለው ሰውም በየከተማው አለ። ይሁን እንጂ ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት በብዛት ተገዝቶ በቀጭን ትርፍ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ከሚሴና ወደ ወረኢሉ በሚበተንባት ከተማ የሽያጭ ብዛትን የትርፍ ምልክት አድርጎ መውሰድ አሳሳች ነው። ከላይ የተነሣው ኪሳራን የማሸጋገር መብትም በዚህ ስሌት ትርጉሙ ይደበዝዛል፤ ያለፈውን ኪሳራ አካክሶ ግብሩን ያወረደ ሰው ያንኑ ዓመት በሽያጩ ልክ ሊከፍል ነውና።

ግለሰብ ነጋዴ ግብሩን የሚከፍለው ለክልሉ በመሆኑ፣ የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ የሚወጣው የክልል ሕግና መመሪያ ላይ የሚስተካከል ነገር አለ። ጦርነት በደረሰባቸው ከተሞች የተመዘገበና በግብር ሰብሳቢው ቋት የተረጋገጠ ኪሳራ እስኪካካስ ድረስ አነስተኛው መጠን እንዳይሠራ ማድረግ ብዙ ገቢ አያሳጣም። አጠቃላይ ሕግ ሲለወጥም፣ ከለውጡ በፊት በቁርጥ ዋጋ የተፈረሙ ውሎች ለተወሰነ ጊዜ ዋጋቸው እንዲታይ የሚፈቅድ የመሸጋገሪያ አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዳኛው ውል እንዳይለውጥ የከለከለው ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ነው።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ደግሞ ከስልሳ ዓመት በኋላ አንድ አዲስ በር ከፍቷል፦ ሙሉ በሙሉ ያልከሰረ ነገር ግን ለመክሰር የተቃረበ ነጋዴ በፍርድ ቤት ሥር ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበትን ሥርዓት። ባንኩ መያዣውን ወደ ሐራጅ ከማውጣቱ በፊት ነጋዴው ትንፋሽ የሚያገኝበት ሌላ የሕግ መንገድ በአቅራቢያው አይታይም። ይህ መንገድ እንዲሠራ ግን ማመልከቻው የማስጠንቀቂያው 30 ቀን ከማለቁ በፊት መቅረብ ይኖርበታል፤ ለዚያ ደግሞ ነጋዴው የዕዳውንና የንብረቱን ዝርዝር የሚያሳይ መዝገብ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃና እንዲህ ያለውን መዝገብ ከፍቶ የሚያይ ችሎት በከተማው ማግኘት አለበት።